ትራፊኩ ወረቀት ያያል፣ ሐረጎ ግን ፍሬን ይጠይቃል

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚመላለስ ሰው ይህን ሳልነግረውም ያውቀዋል። ከታች የሚመጣ መኪና መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋል። የኛ ሾፌር ወዲያው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቀበቶውን ስቦ ያስራል፣ ስልኩን ከጆሮው ያወርዳል። ረዳቱ ዞር ይልና «ትርፍ የሆናችሁ ዝቅ በሉ፣ ትራፊክ አለ» ይላል። ሰው ዝቅ ይላል። ተማሪው ዝቅ ይላል፣ ልጅ ያዘለች እናት ዝቅ ትላለች፣ ሽማግሌ ሳይቀር አንገቱን ይደፋል። ሁለት ኩርባ እንደታለፈ ሁሉም ቀና ይላል። ቀበቶው ይፈታል፣ ፍጥነቱም ይመለሳል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ጨዋታ ነው የሚያየው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ይከነክነኛል። ሾፌሩ ቀበቶ ያሰረው ትራፊኩ እንዳያየው ብሎ እንጂ ለራሱ ደረት አስቦ አልነበረም። ትራፊኩ ካለ ሕግ አለ፣ ትራፊኩ ከሌለ ሕግም የለም። «የኛ ሾፌር ሥርዓት የለውም» ብሎ መገላገል ይቻላል፣ ሲባልም እንሰማለን። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሾፌሩን እንዲህ ያስለመደው ቁጥጥሩ ራሱ ነው። ለዓመታት መንገድ ዳር የሚጠየቀው ወረቀት ነው፣ የሚቆጠረውም ሰው ነው። በመንገዱ ላይ ባለው ቁልቁለት፣ ሐረጎ ላይ፣ ሰው የሚገድለውን ነገር ግን ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም።

እስቲ መንገዱን እንየው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመሀል ያለው መንገድ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህች አጭር መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፣ አስቸጋሪው ደግሞ ሐረጎ ነው። ክረምት ሲገባ ጉም ይወርድበታል፣ በእኩለ ቀን መብራት አብርተህ እንኳ ከፊትህ ያለው ሲኖትራክ የሚታይህ ስትደርስበት ነው። በዚህ ላይ የማይሄድ የመኪና ዓይነት የለም፤ ከወልዲያ በኩል የሚመጣ ተሳቢ፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ፣ እህል የጫነ አይሱዙ፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ፣ የኛ ሚኒባሶች፣ ከነሱ ጎን ደግሞ ባጃጅ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድም ከዚያው ይነሳል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ሸክሙን ስላልተቀበለ ጭነቱ ሁሉ በጎማ ላይ ነው።

አሁን 30 ቶን የሚመዝን መኪና ከደሴ ተነስቶ ይህን 600 ሜትር ሲወርድ ምን እንደሚሆን እናስላ። ክብደቱና ከፍታው ተባዝቶ የሚወጣው ጉልበት 176 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ ሦስት በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከያዘው ሞተሩ ብዙውን ይሸከምለታል። ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በባዶ ከለቀቀው ግን፣ ወይም በቀላል ማርሽ እየወረደ ፍሬኑን ደጋግሞ ከረገጠ፣ አብዛኛው ሙቀት የፍሬኑ ሸራና ሸራው እየተጫነ የሚይዘው ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት፣ ታምቡሮው፣ ላይ ያርፋል። ታምቡሮ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። ሸራው ራሱ ከልክ በላይ ሲሞቅ መያዝ ያቆማል። ሾፌሩ ይረግጣል፣ ፔዳሉ ይገባል፣ መኪናው አይቆምም። ሐረጎን ስትወርዱ አንዳንዴ በመስኮት የሚገባው የተቃጠለ ነገር ሽታ ይሄ ነው። የፊተኛው መኪና ፍሬን እየተቃጠለ ነው። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ ትራፊክ ሲያስቆም የሚጠየቀውን አስታውሱ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን፣ ስምሪት። ከዚያ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ትርፍ መጫን አለመጫኑን ያያል። እነዚህ ሁሉ የሚናቁ አይደሉም። ሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የተደረገው መኪና የገጨው ሰው ወይም ቤተሰቡ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው፣ ያንን ወረቀት የሚጠይቅ ትራፊክ ሥራውን እየሠራ ነው። ትርፍ መጫንም ራሱ ፍሬን ላይ የሚጫን ክብደት ነው። ችግሩ ቁጥጥሩ እዚያ ላይ ማለቁ ነው። ወረቀቱ የተሟላ መኪና «ሂድ» ይባላል፣ ፍሬኑ ቢያልቅም ባያልቅም።

«ቦሎ አለው እኮ፣ ተመርምሯል» የሚል ሰው አይጠፋም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና በየዓመቱ ይመረመራል፣ ልክ ነው። ግን ምርመራው የሚነግረን በዚያች ቀን መኪናው እንዴት እንደነበረ ነው። በየቀኑ ሐረጎን እየወጣ እየወረደ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሚኒባስ የፍሬን ሸራው ዓመት አይጠብቅም። በዚያ ላይ ለቦሎ ቀን እሳት ማጥፊያ የሚዋስ አለ፣ ትሪያንግል የሚዋስ አለ፣ ጎማ ሳይቀር ቀይሮ አስገብቶ ማታውኑ የሚመልስ አለ ይባላል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ዓመቱን ሙሉ ይናገራል፣ ትራፊኩም እሱን አምኖ ያሳልፋል።

ትራፊኮቹን ብቻ መውቀስ ደግሞ ግፍ ነው። አንድ ትራፊክ መንገድ ዳር ሲቆም ምን አለው? ፊሽካ፣ የክስ ወረቀት፣ አንጸባራቂ ልብስ። ዝናብ ቢመጣ መጠለያ የለውም። መኪናውን አንስቶ ከሥር የሚያይበት ጉድጓድ የለውም፣ ፍሬን የሚለካበት መሣሪያ የለውም። በቀን የሚያስቆመው መኪና ብዙ ነው፣ ሁሉም ቸኩሏል፣ ሁሉም ይጨቀጭቀዋል። ስለዚህ በእጁ ሊይዘው የሚችለውን ይይዛል፣ እሱም ወረቀት ነው።

እንደዚያም ሆኖ ያለ መሣሪያ የሚታይ ብዙ ነገር አለ፣ ይህን ያሳየኝ ኮምቦልቻ የሚሠራ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። መኪናው ቁልቁለት ወርዶ እንደቆመ እጅህን ወደየጎማው ታምቡሮ ታስጠጋለህ። መንካት የለም፣ ያቃጥላል፣ ማስጠጋት ብቻ። ሁሉም እኩል መሞቅ አለባቸው። ሌሎቹ ግለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ጎማ ፍሬን አይዝም ማለት ነው፣ ሸክሙን ሌሎቹ ናቸው የተሸከሙለት። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ደግሞ ሸራው ሳይለቅ እየታሸ ነው። የንፋስ ፍሬን ላለው መኪና ሞተሩ ይጠፋል፣ ፔዳሉ ተረግጦ ይያዛል፣ የንፋሱ ጌጅ እየወረደ እንደሆነ ይታያል፣ ጆሮ ለሰጠው «ሽሽ» የሚል ድምፅም ይሰማል። የጎማ ጥርስ በጣት ይዳሰሳል። የፍሬን መብራት ደግሞ ረዳቱ ኋላ ቆሞ አየሁ አላየሁም ይላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሲያደርግ የታየ ትራፊክ ቢኖር ሾፌሮች ቢያንስ «ይሄ ሰውዬ የሚያየውን ያውቃል» ማለታቸው አይቀርም።

ወደ ሾፌሮቹ ልምጣ። ከሾፌር ጋር ቁጭ ብሎ ያወራ ሰው ስለ ትራፊክ አንድ ጥሩ ቃል አይሰማም። ምሬታቸው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሲለያይ ነው የሚገባው።

አንዱ ሰዓት ነው። ሚኒባስ በተራ ይሠራል፣ መንገድ ላይ ሃያ ደቂቃ ከቆመ ተራው ያልፈዋል፣ ተራው ካለፈው የቀኑ ገቢ ይጎድላል፣ ባለንብረቱ ደግሞ የተቆረጠለትን ገቢ ማታ ይጠብቃል። ሁለተኛው የማስቆሚያው ብዛት ነው። ከጦርነቱ ወዲህ የጸጥታ ፍተሻው ከትራፊክ ቁጥጥሩ ጋር ተቀላቅሏል። አንዱ ጋ ገመድ ተወጥሮ መታወቂያ ይታያል፣ ሌላው ጋ ጭነት ይፈተሻል፣ አንዱ ጋ የኮቴ ይባላል። ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት ሾፌር ትራፊኩ ጋ ሲደርስ ትዕግሥቱ አልቋል። ለሱ ያስቆመው ሁሉ አንድ ነው፣ ዩኒፎርሙ ይለያይ እንጂ። በዚህ ላይ ለነፍሱ የሚሰጋበት መንገድ ስለ በዛ መኪና ማቆም ራሱ ያስፈራዋል። ይህን ችላ ብሎ ስለ ሾፌር ጠባይ ማውራት አይቻልም።

ሦስተኛው አነጋገር ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ መውጫ ላይ ቆሜ ያየሁት ነው። ሾፌሩ አምሳውን ያለፈ፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው፣ የጭነት አይሱዙ ይዟል። ያስቆመው ትራፊክ ልጁ ይሆናል። «አንተ፣ ሊብሬ አምጣ» አለው። ሰውዬው ሊብሬውን ሰጠና «ምን አጠፋሁ ልጄ?» አለ። «ዝም ብለህ አምጣ ስትባል አምጣ፣ መንጃ ፈቃድህስ?» ቅጣቱ ተጻፈ። ለምን እንደተጻፈ ሰውዬው የገባው አይመስለኝም፣ ወረቀቱንም አላነበበውም፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና እየተሳደበ ሄደ። ስድቡ እስከ ሐርቡ እንደሚቆይ እርግጠኛ ነኝ።

ሌላ ጊዜ እዚያው አካባቢ ሌላ ትራፊክ አየሁ። «ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ እስቲ ወርደው የኋላ ግራውን ጎማ ይዩልኝ» አለ። ሾፌሩ ወረደ፣ አየ። ጎማው ሽቦው ሊወጣ ደርሷል። ትራፊኩ በጣቱ እያሳየ «ይሄ በዚህ ሙቀት ባቲ ሳይደርስ ይፈነዳል፣ እርስዎንም ሌላውንም ይዞ ይሄዳል፣ እጽፍብዎታለሁ፣ ትርፍ ጎማ ካለ ግን እዚሁ ይቀይሩ» አለው። ጻፈበት። ሾፌሩ ተቆጣ? አልተቆጣም። «ሸጋ ልጅ ነው» ብሎ ክሪኩን አወጣ። ሁለቱም ተቀጥተዋል፣ ሁለቱም ገንዘብ ይከፍላሉ። ሁለተኛው ሰውዬ ግን ለምን እንደሚከፍል በዓይኑ አይቷል፣ በአክብሮትም ተነግሮታል። ወሎ ውስጥ ሽማግሌን «አንተ» ብሎ ሕግ ማስከበር እንደማይቻል ለማወቅ ሥልጠና የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሲጻፍ ግን የሚዘለለው ጉዳይ። የሻይ። ሾፌሩ ለምን ይሰጣል? ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ነው። ክስ ከተጻፈ ገንዘቡ ይበልጣል፣ ከደንብ ቁጥር 208/2003 ጀምሮ ደግሞ ጥፋት በገንዘብ ብቻ አያልቅም፣ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ነጥብ ሆኖ ይያዛል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ፈቃዱ ይታገዳል። ታርጋ ከተፈታ ደግሞ ቀኑ ሞተ። ከዚህ ሁሉ በመንጃ ፈቃዱ መሀል ብር አጣጥፎ መስጠት ይቀለዋል። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውም ተቀባዩም ወንጀለኛ ናቸው፣ ይህን የማያውቅ ሾፌር ግን ብዙ ነው፣ «እሱ ነው የሚበላው፣ እኔ ምን አደረግኩ» ይላል። እኔ ለሾፌር ወዳጆቼ ሁልጊዜ የምለው አለ። ጠዋት «በሞቴ አለቃ፣ ዛሬን ተወኝ» ብለህ ያለቀ ጎማህን በሻይ ካሳለፍክ፣ ማታ ትራፊክ ሁሉ ሌባ ነው የማለት መብት የለህም። ያ ብር የገዛው ያለቀውን ጎማ ነው። ጎማው ደግሞ ብሩን ማን እንደወሰደው አያውቅም።

ሐቀኛ ትራፊኮችም አሉ፣ ዋጋ የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው። ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ተሳፋሪው ነው። ትርፍ የጫነ ሚኒባስ ሲያዝ ተሳፋሪው ከማን ጋር ይቆማል? ከሾፌሩ ጋር። አንዷ እናት «በአላህ ልጄ ተወው» ስትል አጠገቧ ያለችው «በእመቤቴ፣ ልጆች አሉት» ትላለች። ይህ ርኅራኄ የአገራችን ጌጥ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን የሚለመነው ለማን ነው? በሦስት ሰው ወንበር አራት ሆነው የተቀመጡት እነሱ ናቸው። ፍሬኑ እምቢ ቢል መጀመሪያ የሚሞቱት እነሱ ናቸው። እውነት ነው፣ ተሳፋሪውም ምርጫ የለውም፣ ካልተሳፈረ መሽቶበት ደሴ ሊያድር ነው። የመኪና እጥረቱ ሁሉንም የሾፌሩ ጠበቃ አድርጎታል።

በአገር ደረጃ ፖሊስ በየዓመቱ የሚመዘግበው የትራፊክ ሞት ከ3 ሺህ በላይ ነው። ለወሎ ሰው ግን ቁጥር መጥቀስ አያስፈልግም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው ሞቷል፣ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ደቡብ ወሎ ውስጥ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር።

አደጋ ሲደርስ ሕጉ የሚይዘው ሾፌሩን ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ሾፌርን በስም ጠቅሶ፣ በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይላል፣ የሞተው ሁለት ሰውና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት። ሾፌሩ መሪውን ስለያዘ ተጠያቂ ነው፣ አልከራከርም። ግን የፍሬን ሸራ የሚገዛው ማነው? ባለንብረቱ። «እስከ ወር መጨረሻ አቆይልኝ፣ አሁን ብር የለም» የሚለው ማነው? ባለንብረቱ። ሾፌሩ «እንዲህ አልነዳም» ካለ ነገ ሌላ ሾፌር ቁልፉን ይቀበላል፣ ሥራ ፈላጊው ብዙ ነው። መንገድ ላይ የሚጻፈው ክስ ግን የሾፌሩ እጅ ላይ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜም ከራሱ ኪስ ይከፍለዋል። ለትርፍና ለፍጥነት ሾፌሩ ይቀጣ፣ ተገቢ ነው። ለፍሬንና ለጎማ የሚጻፈው ግን ባለንብረቱ ቤት መግባት አለበት፣ መኪናውም እስኪጠገን መቆም አለበት። አንድ ባለንብረት መኪናው ሁለት ቀን ከቆመበት ሸራ መግዛት እንደሚረክሰው ማንም አይነግረውም።

ታዲያ ምን ይደረግ ብትሉኝ፣ ከሁሉ በፊት የምለው የፍሬን ቁጥጥሩ ቦታ ይቀየር ነው። ሐረጎን ወርዶ የጨረሰ መኪና ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ሲያዝ ሊገድል የሚችልበትን መንገድ ጨርሶት መጥቷል። ለጭነት መኪና ከቁልቁለቱ በላይ፣ ደሴ ሳይለቅ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ተይዞ ፍሬንና ጎማ ብቻ ይታይ። ወረቀት ሌላ ቦታ ይታይ። ቅጣት ደግሞ በባንክ ወይም በቴሌብር ብቻ ቢከፈልና መንገድ ላይ ብር የሚባል ነገር ባይነሳ የሻዩ ነገር በግማሽ ይቀንሳል።

ለሚኒባስና ለአውቶቡስ ግን መንገድ ላይ ማስቆም ራሱ አያስፈልግም። ደሴ መናኸሪያ ውስጥ መኪናው ተራ እየጠበቀ ቆሞ ይውላል። ሾፌሩ ሻይ ይጠጣል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ መኪናው ሥራ ፈቶ ቆሟል። የሾፌሮች ትልቁ ቅሬታ ሰዓት ከሆነ፣ ያ ሰዓት እዚያው አለ። አንድ መካኒክ፣ ክሪክና የእጅ ባትሪ ይዞ ተራ የሚጠብቁትን በየተራ ቢያይና ያየውን ስምሪቱ ላይ ቢፈርምበት፣ ፍሬኑ ያልተፈረመለት መኪና መውጫ ባይቆረጥለት፣ ማንም ደቂቃ አይባክንበትም። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የመናኸሪያው አስተዳደር፣ የሾፌሮቹ ማኅበራትና ትራፊክ ፖሊስ አንድ ቀን ተቀምጠው ሊስማሙበት ይችላሉ፣ የመካኒኩን ደሞዝም በየመኪናው ተካፍለው ሊችሉት ይችላሉ።